በመጀመሪያው ዙር ተዋርዶ የወጣ ቡድን በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ የሚባለው እውነት ነው?

ማርቆስ_ሜዳ፦

እንዴት ሰነበታችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። የኮሌጃችን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ እጫወታለሁ፤ ኮሌጁን አልጠራም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለፈው የኮሌጆች ውድድር ገና በመጀመሪያው ጨዋታ በ31 ነጥብ ተሸንፈን ወጣን። ያሸነፈን ማን መሰላችሁ? እናሸንፈዋለን ወይ ሳይሆን በስንት እናሸንፈዋለን ብለን ስንወራረድበት የነበረ ቡድን ነው። ማሊያ እንኳ አልተሟላላቸውም። ሁለት ዘጠኝ ቁጥር ይዘው መጡና አንደኛው ላይ በፕላስተር አንድ ጨምረውበት 19 አደረጉት። ያ 19 ቁጥር ነው የጨረሰን።

ከዚያ ወዲህ ካፌ መግባት ፈተና ሆኖብኛል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይሉ የለ፤ ሽሮዬን ይዤ ልቀመጥ ስል ከኋላዬ "ሠላሳ አንድ!" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ዞር ስል ሁሉም አቀርቅሮ ይበላል።

እኛ የምንጫወተው ቀስ ብለን ነው። አሰልጣኛችን ኳስ ያዙ፣ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ተከላከሉ ባይ ነው። ድሮም ተማሪው "እንቁላሉ መቼ ነው በእግሩ የሚሄደው?" እያለ ያሾፍብን ነበር፣ አሁንማ አለቀልን። ግማሹ ቡድን ይሄ አጨዋወት ይቅር፣ እንሩጥ እያለ ነው። አሰልጣኙም ልቡ የሸፈተ ይመስላል።

አንድ የዶርም ልጅ ግን ስለ አሜሪካው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነገረኝ። ከሁሉም ቀርፋፋ የሚባል ቡድን በመጀመሪያው ዙር በ20 ነጥብ ተዋርዶ፣ በዓመቱ በዚያው አጨዋወት ሻምፒዮን ሆነ ይላል። ይሄ ልጅ ደግሞ አንዳንዴ ይጨምራል። እውነት ነው? ከሆነስ ምን ቀይረው ነው? ዕድል ከሆነም ዕድል ነው በሉኝ፣ አልቀየምም።


ጣና_ዳር_እንቅልፍ_አጥ፦

ወንድሜ እውነት ነው። እንዲያውም ልጁ ቀንሶ ነው የነገረህ።

መጀመሪያ ውድድሩን ልንገርህ፣ እሱ ካልገባህ ውርደቱም አይገባህም። በመጋቢት የሚጀመር ጥሎ ማለፍ ነው። 68 ቡድን ይገባል፣ በአራት ምድብ ይከፈላል፣ በየምድቡ ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸውና 1ኛው ከ16ኛው ጋር ይጀምራል። የመልስ ጨዋታ ምናምን የለም፤ አንዴ ተሸነፍክ ማለት ሻንጣህን አንስተህ ወደ ቤትህ ነው። ስድስቴ በተከታታይ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። አሁን ይሄን ስማ፦ በወንዶቹ ውድድር በፈረንጆች ከ1985 ጀምሮ እስከዚያ የቨርጂኒያ ጨዋታ ድረስ 1ኛና 16ኛ 135 ጊዜ ተገናኝተው 135ቱንም ያሸነፈው 1ኛው ነው።

በ2018 ቨርጂኒያ ከ1ኞቹም 1ኛ ተብሎ ገባ። 31 አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈ ቡድን ነው። የደረሰው 16ኛ ዩኤምቢሲ ይባላል፣ የባልቲሞር አካባቢ ትምህርት ቤት ነው፣ እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቼው አላውቅም። እረፍት ላይ 21 ለ 21 ነበሩ። ከእረፍት መልስ ቨርጂኒያ ላይ 53 ነጥብ ገባ። ያ ቡድን እኮ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሙሉ ጨዋታ የሚገባበት በአማካይ 54 ገደማ ነበር! 74 ለ 54 አለቀ። ደአንድሬ ሀንተር የሚባለው ልጃቸው የእጅ አንጓው ተሰብሮ አልተጫወተም፣ ይሄን ስም ያዝልኝ።

ለኛ ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ በሁዳዴ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን እየለበሰች "ምን ሆነህ ነው የምትስቀው?" ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ስቄ ነበር፣ አልዋሽም። ቨርጂኒያን ስለማልወዳቸው ነው። ሲጫወቱ ያስተኛሉ፣ ስሜን አይታችሁ እንኳ ለኔ ጥሩ መድኃኒት ነበሩ።

በዓመቱ እነዚያው ልጆች ተመለሱ። እንደገና 1ኛ ተደረጉ፣ እንደገና 16ኛ ደረሳቸው፣ ጋርድነር ዌብ የሚባል። በመጀመሪያው አጋማሽ በ14 ነጥብ ተመሩ! እንደገና 16ኛ፣ እንደገና ያው ጉድ። ያን ጊዜ ሜዳ ላይ የነበረው ልጅ በሆዱ ምን ይል እንደነበር አስበው። ግን አልተንጫጩም፣ ያንኑ ቀርፋፋ ጨዋታቸውን ቀጠሉና 71 ለ 56 ጨረሱት። ከዚያ ኦክላሆማን 63 ለ 51፣ ኦሪገንን 53 ለ 49። በ53 ነጥብ ሩብ ፍፃሜ መድረስ ማለት ነው፣ ሳቅ አይደለም?

ቀጥሎ የገጠማቸውን ፑርዱን ሌላ ሰው ይጻፍለት። መብራት ሊሄድ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሏል።


የቡሬዋ፦

ፑርዱን ለኔ ተዉልኝ። ያንን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

መጀመሪያ ግን ማርቆስ ሜዳ፣ አይዞህ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ የምንጫወትበት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ በመከር ወቅት በርበሬ ይሰጣ ነበር። ግማሹ ሜዳ ቀይ ነው። ኳሷ በርበሬው ላይ ካረፈች በኋላ የያዛት ሰው ዓይኑን የነካ እንደሆነ ጨዋታው ቆሞ ውኃ ፍለጋ ነው። አንዴ በርበሬው ላይ ወድቄ ከባለቤቷ የሰማሁት ስድብ ከ31 ነጥብ ይከብዳል። አለፈ።

እሺ ፑርዱ። ግማሽ ፍፃሜ ለመግባት ነው። ካርሰን ኤድዋርድስ የሚባል አጭር ወፍራም ልጅ አላቸው፣ ያን ቀን አስር ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ አስገብቶ 42 ነጥብ ነው ያገባው። ከሜዳው ጥግ ይወረውራል ይገባል፣ ሰው ተለጥፎበት ይወረውራል ይገባል፣ ምን ታደርገዋለህ። 6 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ፑርዱ 70 ለ 67 እየመራ ነው። ሆን ብለው ፋውል ሠሩ። ታይ ጀሮም ሁለት ቅጣት አገኘ፤ አንዱን አስገባ፣ ሁለተኛው ነጥሮ ወጣ።

እዚህ ላይ ያለቀ ነገር ነው። ማማዲ ዲያኪቴ የሚባል የጊኒ ልጅ፣ ከኮናክሪ የሄደ፣ ዘሎ ኳሷን በጣቱ ጫፍ ነካት። መያዝ አልቻለም፣ ወደ ኋላ ገፋት እንጂ። ኳሷ ማን እንደነካት ሳታውቅ እየነጠረች የሜዳውን ግማሽ አልፋ ሄደች፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ኪሂ ክላርክ ሮጦ ያዛት። ይሄ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፣ ቁመቱ 1.75 ገደማ፣ እኛ ሰፈር ቢመጣ እንኳ ረጅም የሚለው የለም። አብዛኛው ሰው እዚያ ቦታ ላይ ምን ያደርጋል? ከዚያው ከመሀል ሜዳ ይወረውራል፣ ሰው እንዲያጨበጭብለት። እሱ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ርቀት ቀጥ ያለች ኳስ ለዲያኪቴ ላከለት፣ ዲያኪቴም ተቀበላት ከማለት ወረወራት ማለት ይቀላል፣ ደወሉ ሲጮህ ኳሷ አየር ላይ ናት። ገባች። 70 ለ 70። በተጨማሪ ሰዓት 80 ለ 75።

እኔ የምወዳት ቀና ያለባትን ቅጽበት ነው። ሌላው ይቅር።


አልዋጥልኝም፦

ቆንጆ ተረት ነው። ግን ጠያቂው ዕድል ከሆነ ዕድል በሉኝ ብሏል፣ እንግዲህ አንድ ሰው ይበልለት።

ፑርዱን በአንድ ጣት ዳሰሳ አለፉ። ቀጥሎ ኦበርን። በአምስት ደቂቃ ውስጥ 10 ነጥብ መሪነታቸውን አስበሉና መመራት ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ጀሮም ኳሱ እግሩን መትቶት ሲያመልጠው በሁለት እጁ አንስቶ እንደገና ነጠረ። ዳብል ነው፣ ጥፋት ነው! ሰፈር ውስጥ የሚጫወት ሕፃን ያውቀዋል። ዳኛው ዝም። ከዚያ 0.6 ሰከንድ ሲቀር ካይል ጋይ ሦስት ሲወረውር ፋውል ተሠራበት ተባለና ሦስት ቅጣት ተሰጠው። ሦስቱንም አስገባ፣ እሱን አልክድም፣ ያን ሁሉ ሺህ ሰው እየጮኸብህ ሦስቱን ማስገባት ወንድነት ነው። 63 ለ 62። በፍፃሜው ደግሞ 12 ሰከንድ ገደማ ሲቀር በሦስት እየተመሩ ነበር። ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ከሞት አፍ። ይሄን ሥራ ነው ብሎ መማል ይከብዳል።

ሌላም አለ። ሳንቲም ሦስቴ ብትወረውር ሦስቴም ዘውድ ሊወጣ ይችላል፣ ስልሳ ጊዜ ብትወረውር ግን ስልሳውም ዘውድ አይሆንም። ቅርጫት ኳስም እንደዚያ ነው። ብዙ ኳስ ከተጫወትክ የተሻለው ቡድን እየለየ ይሄዳል፤ ቀስ ብለህ ጥቂት ኳስ ብቻ ከተጫወትክ ደካማውም ዕድል ያገኛል። ቨርጂኒያ በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ ፍጥነቱ የመጨረሻ ነበር። ስለዚህ በ2018 የተዋረዱት በገዛ አጨዋወታቸው ነው፤ ጠንካራ ሆነው ሳለ ለደካማው በር ከፈቱለት።

አንተ ማርቆስ ሜዳ፣ መጀመሪያ ይሄን መልስ፦ እናንተ ጠንካራ ናችሁ ደካማ? ደካማ ከሆናችሁ ቀስ በሉ። ጠንካራ ከሆናችሁ ሩጡ። ጠንካራ መስሏችሁ ደካማ ከሆናችሁ ደግሞ፣ እሱን ካፌ ውስጥ ነግረዋችኋል።


ጡረተኛው_ስፖርት_አስተማሪ፦

ልጆች፣ ደንበጫ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ኔት ሲመጣ ሲሄድ ስለሆነ ከተቆራረጠ ይቅርታ።

አልዋጥልኝም ያልከው ልጅ፣ የሳንቲሙ ነገር ልክ ነው። ዳብሉም ዳብል ነው። ግን አንድ ነገር አምልጦሃል። ቨርጂኒያ ቀርፋፋ የሆነው ቀርፋፋ መሆን ፈልጎ ብቻ አይደለም። ባላጋራው የሚወረውርበት ቦታ ስለሚያጣ ነው ጨዋታው የሚረዝመው። የዚያን ጊዜ አሰልጣኙ ቶኒ ቤኔት ይባላል፣ መከላከሉን ያወረሰው አባቱ ዲክ ቤኔት ነው፣ እሱም ዊስኮንሲንን ይዞ በ2000 ለመጨረሻዎቹ አራት የደረሰ ሰው ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ኳስ የያዘውን አንድ ሰው ብቻ ይጫነዋል። ሌሎቹ አራቱ ከሪንጉ አምስት ሜትር ገደማ ላይ መስመር የተሰመረ ያህል ቆጥረው ከመስመሩ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ባለ ኳሱ ሰንጥቆ ልግባ ቢል ሰው ላይ ነው የሚገባው። ኳስ ልንጠቅ ብሎ ከቦታ መውጣት ክልክል ነው።

ታዲያ መሀል ሲዘጋ የሚተርፈው ዳር ነው። ስለዚህ ሕጉ፣ ኳሱ ወደ ሰውህ ሲወረወር ገና አየር ላይ እያለ ነው የምትነሳው። አንተና ኳሱ እኩል መድረስ አለባችሁ። አንድ እርምጃ ከዘገየህ ሰውየው ዳር ላይ ብቻውን ቆሞ ይወረውርብሃል። በ2018 ዩኤምቢሲ 24 ባለ ሦስት ወርውሮ 12 አስገባ። በቃ፣ ይኸው ነው። የተሰበረው አጨዋወቱ አልነበረም፣ ያቺ አንዲት እርምጃ ናት። (በነገራችን ላይ ያ ሽንፈት የሆነው ሻርለት ከተማ ነው፣ ቶኒ ቤኔት ራሱ በጉብዝናው ለሻርለት ሆርኔትስ የተጫወተበት ከተማ።)

ምን ቀየሩ ላልከው፣ መከላከሉን አልነኩትም። ማጥቃቱ ላይ ለባለ ኳሱ ስክሪን መሥራት (የሚከተለውን ተከላካይ ቆሞ በአካል መጋረድ) አበዙ፣ ያን ክላርክ የሚባል ትንሽ ልጅ ኳስ እንዲያመጣ አስገቡ፣ ሀንተርም አንጓው ድኖ ተመለሰ። ካይል ጋይ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ዩኤምቢሲዎች ሲጨፍሩ የሚያሳየውን ፎቶ ስልኩ ላይ ለጥፎት ከረመ። ስልኩን በነካ ቁጥር ያየዋል ማለት ነው። እኔ ብሆን አላደርገውም፣ እንቅልፍ ይነሳል። እሱ ግን አደረገው።

ፍፃሜውን በዓይኔ አይቻለሁ። በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2011፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ነው የተጀመረው። ባለቤቴ ሽማግሌ ሰው በዚህ ሰዓት ለጸሎት ነው የሚነሳ ብላ ተቆጥታ ተኛች። ሚኒያፖሊስ፣ ከ72 ሺህ በላይ ሰው፣ ከቴክሳስ ቴክ ጋር። ያ ሀንተር በመጀመሪያው አጋማሽ ስምንት ወርውሮ ያስገባው አንዱን ነው። ተነስቼ ሻይ ጣድኩ፣ ይሄ ልጅ ዛሬ የለም ብዬ። ሻዩ ሳይፈላ ተመለስኩ፣ ምክንያቱም ከእረፍት በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ከጥግ ሦስቷን አስገብቶ 68 ለ 68 ያደረገው እሱ ነው። በተጨማሪ ሰዓት ቡድኑ 12 ቅጣት ወርውሮ 12ቱንም አስገባ። 85 ለ 77። ሀንተር 27፣ ጋይ 24፣ ኮከብ የተባለው ጋይ ነው። ሲያልቅ እዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ሊሆን ነበር፣ ወደ ትምህርት ቤት ሳልተኛ ሄድኩ። ሻዩ ተቃጠለ።

እና ልጄ፣ ቀስ እንበል ወይስ እንሩጥ የሚለውን ለጊዜው ተወው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ያ ቡድን ስንት ባለ ሦስት አገባባችሁ? ከየት ወርውሮ?


ማርቆስ_ሜዳ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ። ሁላችሁንም። አልቆጠርንም። ስኮር ሺቱም ከኛ ጋ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እነሱ ጋ ሁለት አጋማሽ ብቻ ነው እንዴ? እኛ አራት ሩብ ነን።


ጣና_ዳር_እንቅልፍ_አጥ፦

አዎ፣ የወንዶቹ 20፣ 20 ደቂቃ ነው። ኳስ ይዘህ መቆየት የምትችለውም 30 ሰከንድ ነው፣ እኛ ጋ 24። ስለዚህ የነሱን ዝግታ እንዳለ ብትቀዳ ስድስት ሰከንድ ትከስራለህ። የሦስት ነጥቡ መስመርም በዚያ ጊዜ ከኛው ይቀርብ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ 6.75 ሜትር ያወጡት።

ለአልዋጥልኝም ደግሞ፦ ፑርዱ በ2023 ራሱ 1ኛ ሆኖ በ16ኛ ተሸነፈ፣ 2.24 ሜትር የሚረዝም ልጅ ይዞ፣ ከአሜሪካ ቡድኖች ሁሉ በቁመት አጭር በሆነው። በዓመቱስ? ፍፃሜ ደረሰ።


አልዋጥልኝም፦

ደረሰ፣ ግን አልበላም። ኮኔክቲከት 75 ለ 60 ነው የሸኘው። ሁለት ቡድን አይቶ ሕግ ማውጣት አይቻልም። ግን እሺ፣ ግማሽ ዋጥኩ።


የቡሬዋ፦

ግማሽ መዋጥም ትልቅ ነገር ነው፣ ስሙን መቀየር አለበት። ማርቆስ ሜዳ፣ ጋሼ የጠየቁህን ሳትመልስ እንዳትጠፋ።


ማርቆስ_ሜዳ፦

ከአምስት ቀን በኋላ ነው የመጣሁት፣ ኔት አልነበረም።

ጋሼ፣ ቆጠርኩ። "ሠላሳ አንድ" እያለ የሚጮኸው ልጅ ሙሉውን ጨዋታ በስልኩ ቀርጾት ኖሯል፣ ለማሾፍ ነው የቀረጸው። ቪዲዮውን ላክልኝ ስለው መጀመሪያ የምጣላው መስሎት ፈራ። ሻይ ጋብዤው ቁጭ ብለን አብረን አየነው፤ እሱ እየሳቀ፣ እኔ ወረቀት ይዤ መስመር እያሰመርኩ።

13 ባለ ሦስት ነው የገባብን። ከ13ቱ 8ቱ ከአንድ ቦታ፣ ከቀኝ ጥግ። ስምንቱንም የወረወረው ያ ፕላስተሩ 19 ቁጥር ነው። ኳሱ ወደሱ ሲሄድ መሀል ላይ ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው አለ፣ ኳሱ ሲደርስ ነው የሚነሳው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም፣ እጁን ብቻ ያወጣል። ልጁ ስድስተኛዋ ላይ መሳቁን አቆመና "ይሄ ማነው?" አለኝ። ጀርባውን ነው የሚታየው።

እኔ ነኝ። ቀኝ ጥግ የኔ ነበር።

አሰልጣኙ ገና አላየውም። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ አለን፣ ያኔ አሳየዋለሁ፣ ሜዳው ላይ በርበሬ ካልተሰጣ።